ባለ 200 ቧንቧ፣ ባለ 200 ቫልቭ፦ በአንድ የደጋ ከተማ የውሃ መስመር ላይ የታየ የመጠን ስህተትና እርማቱ

በሥራ ዝርዝር ሰነዶች ላይ «ቧንቧው 200 ሚሊ ሜትር፣ ቫልቩም 200» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ ለሚያገለግል ቫልቭ ይህ ልክ ነው፤ ሲከፈት ለውሃው እንቅፋት እንዳይሆን ነው የሚፈለገው። የፍሰት መጠን ለሚቆጣጠር ቫልቭ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ሥራ ግፊት መብላት ነው፤ ግፊት የማይበላ ቫልቭ ፍሰት አይቆጣጠርም። ስለዚህ መጠኑ የሚወጣው በውስጡ ከሚያልፈው ውሃና በፊቱና በኋላው ካለው የግፊት ልዩነት ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው ይህ ልዩነት ባለመታየቱ የተበላሸ አንድ መስመር ነው። ከተማው፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ፣ አማካሪውና ተቋራጩ አልተጠቀሱም።

የመስመሩ ሁኔታ

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። የማጣሪያ ጣቢያው የንጹሕ ውሃ ገንዳ ተራራው ላይ ሲሆን የውሃው ወለል 2,510 ሜትር ነው። ከዚያ የሚነሳው የብረት ቧንቧ ውስጣዊ ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 3,600 ሜትር ነው። መንገድ ላይ 2,383 ሜትር ወዳለው ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ከተማው ማከፋፈያ ማጠራቀሚያ ይወጣል። ቫልቩ የተተከለው ማጠራቀሚያው ሥር ባለ ቻምበር ውስጥ፣ በ2,421 ሜትር ላይ ነው። ከቫልቩ በኋላ ቧንቧው 4 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ በማጠራቀሚያው አናት ላይ ውሃውን በነጻ ያፈስሳል። ቧንቧውና መገጣጠሚያዎቹ 16 ባር የሚችሉ ናቸው። ፓምፕ የለም፤ ውሃው የሚሄደው በስበት ኃይል ብቻ ነው።

በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 85 ሜትር ነው። መስመሩ ያለ ምንም ገደብ ቢለቀቅ በሰከንድ 69 ሊትር አካባቢ ያሳልፋል። ማጣሪያ ጣቢያው ግን በሰከንድ ከ35 ሊትር በላይ ማምረት አይችልም። ስለዚህ ፍሰቱ ካልተገታ የላይኛው ገንዳ ይደርቃል፣ ቧንቧው አየር ይስባል። ቫልቩ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በሰከንድ 35 ሊትር ከፍተኛው፣ 25 ሊትር የዘወትሩ፣ 10 ሊትር ደግሞ የሌሊቱ ፍሰት እንዲሆን ታስቦ ነበር። አንድ ፍሎ ሜትርና አንድ የውሃ ከፍታ መለኪያ ለመቆጣጠሪያው መረጃ ይሰጣሉ፤ መቆጣጠሪያው የቫልቩን ኤሌክትሪክ ሞተር ያዛል።

የታየው ችግር

የተገዛው በተርፍላይ ቫልቭ (በቧንቧው መሐል የሚዞር ክብ ዲስክ ያለው) ነበር፤ ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ከሙሉ ክፍት እስከ ሙሉ ዝግ 60 ሰከንድ የሚፈጅ።

ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ፍሰቱ መዋዠቅ ጀመረ። መቆጣጠሪያው በሰዓት 90 ሜትር ኪዩብ ሲታዘዝ ፍሎ ሜትሩ 50 አሳይቶ ወደ 130 ይዘላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ሞተሩ በየደቂቃው ስለሚነሳና ስለሚቆም እየጋለ ራሱን ያጠፋ ነበር። ሁለተኛውን ምልክት ያመጡት የማጠራቀሚያው ዘበኛ ናቸው፤ ማታ ማታ በቧንቧው ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል ይመስላል ብለው ለጽሕፈት ቤቱ ተናገሩ። ጠጠር አልነበረም። ይህን የመሰለ ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ ቫልቩ ሳይበላ ቶሎ ሊመረምረው ይገባል፤ እዚህ ግን «አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለምዳል» ተብሎ ታለፈ።

ከስምንት ወር በኋላ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ውሃ ማሳለፍ ያዘ። ሲፈታ የዲስኩ ጠርዝ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ፣ ጎማው በአንድ ጎን ተቀድዶ፣ ከቫልቩ ቀጥሎ ያለው የቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳም ተቆፋፍሮ ተገኘ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሸለቆው ላይ ያለ አንድ መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ አፍስሶ ጋስኬቱ ተቀይሯል። ይህ ከቫልቩ ጋር የተያያዘ መሆኑን በመጀመሪያ ማንም አልጠረጠረም።

ምርመራው

መጀመሪያ የተደረገው ርካሹ ነገር ነው፦ ከቫልቩ በፊትና በኋላ አንድ አንድ የግፊት መለኪያ ጌጅ ተገጠመ፣ ለሦስቱም የፍሰት መጠኖች ንባብ ተወሰደ። ንባቡ ከስሌቱ ጋር ተቀራራቢ ነበር።

በሰዓት 126 ሜትር ኪዩብ (በሰከንድ 35 ሊትር) ሲያልፍ ከ85 ሜትሩ ውስጥ ውሃው ከቧንቧው ጋር በሚያደርገው ሰበቃ 23.8 ሜትር ይጠፋል፤ ቫልቩ እንዲበላው የሚቀረው 61.2 ሜትር ወይም 6.0 ባር ነው። በሰዓት 90 ሜትር ኪዩብ ሲሆን በሰበቃ የሚጠፋው 12.8 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለቫልቩ 7.1 ባር ይቀራል። በሌሊቱ 36 ሜትር ኪዩብ ላይ ሰበቃው 2.3 ሜትር ነው፤ ቫልቩ 8.1 ባር መሸከም አለበት። ውሃው ባነሰ ቁጥር የቫልቩ ሸክም እንደሚጨምር ልብ ይሏል። በከፍተኛው ፍሰት ብቻ ተሰልቶ የሚመረጥ ቫልቭ ሌሊት የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የቫልቭ አቅም የሚለካበት ቁጥር ኬቪ ይባላል፤ በ1 ባር የግፊት ልዩነት በሰዓት ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ እንደሚያልፍ ይናገራል። የሚፈለገውን ኬቪ ለማግኘት በሰዓት የሚያልፈውን ሜትር ኪዩብ ለግፊት ልዩነቱ ካሬ ሥር ማካፈል ነው። 126 ለ6.0 ካሬ ሥር ሲካፈል 51 ይሆናል። ለዘወትሩ ፍሰት 34፣ ለሌሊቱ 13 ገደማ ይመጣል። (የአሜሪካ ካታሎጎች በምትኩ ሲቪ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ሲቪ የኬቪ 1.156 እጥፍ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት የ16% ስህተት ያመጣል።)

የተተከለው ቫልቭ ሙሉ ሲከፈት ኬቪው በካታሎጉ መሠረት 1,900 ነበር። የተፈለገው 51 ነው። ማለትም ቫልቩ በከፍተኛው ፍሰት ጊዜ እንኳ ከአቅሙ 3% አልተጠቀመበትም። የካታሎጉ የክፍተት ሰንጠረዥ ሲታይ ከ13 እስከ 51 ያለው የኬቪ ርቀት በሙሉ በዲስኩ 10ኛና 17ኛ ዲግሪ መካከል ወደቀ። ከ90 ዲግሪ ሰባቱ ብቻ ናቸው ሥራ ላይ ያሉት። በዚያ አካባቢ የአንድ ዲግሪ እንቅስቃሴ በሰዓት 14 ሜትር ኪዩብ ያህል ይለውጣል። ሞተሩና ጊሩ ደግሞ ከአንድ ዲግሪ ተኩል ባነሰ እርምጃ መንቀሳቀስ አይችሉም። መቆጣጠሪያው 90ን ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ ወይ ከበላዩ ወይ ከበታቹ ብቻ ነው የሚያርፈው። መዋዠቁ የመቆጣጠሪያው ጥፋት አልነበረም።

የሸለቆው ፍሳሽም ከዚሁ የመጣ ነው። በወረቀት ላይ ቫልቩ በ60 ሰከንድ ይዘጋል፤ በተግባር ግን ውሃው የሚቆመው በመጨረሻዎቹ 14 ዲግሪዎች፣ በ9 ሰከንድ ያህል ውስጥ ነው። በዚህ ርዝመት ባለ የብረት ቧንቧ የግፊት ማዕበል ሄዶ ለመመለስ 6.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዘወትሩ ፍሰት ጊዜ በ9 ሰከንድ መዘጋት ከ60 ሜትር በላይ ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። ሸለቆው ላይ ውሃው ቆሞ እንኳ 12.5 ባር አለ። ሲደመር ከ18 ባር ያልፋል፤ መገጣጠሚያው የተሠራው ለ16 ነው።

የጠጠሩ ድምፅ

ውሃ በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ግፊቱ ከትነት ግፊቱ በታች ከወረደ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ። ክፍተቱን አልፎ ግፊቱ ሲያገግም አረፋዎቹ በቅጽበት ይኮማተራሉ፣ ብረቱንም እንደ ስለት ይወጉታል። ይህ ካቪቴሽን ነው። የሚሰማው ድምፅም የአረፋዎቹ መፈንዳት ነው።

እዚህ ላይ የደጋ ነገር ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ስሌቱ የሚሠራው በፍፁም ግፊት ነው፤ ጌጁ ላይ በሚነበበው ላይ የከባቢ አየር ግፊት ይደመራል። በባሕር ጠለል ላይ ያ ቁጥር 1.01 ባር ነው። በ2,421 ሜትር ላይ 0.75 ባር ብቻ ነው። አንድ ሩብ ባር ትንሽ ይመስላል። ከቫልቩ በኋላ ያለው ጠቅላላ ግፊት ግን 4 ሜትር ውሃና የአየሩ ግፊት ተደምረው 1.14 ባር ብቻ በሆነበት መስመር ላይ የጠፋው ሩብ ባር ብዙ ነው። የአምራቾች የመምረጫ ሶፍትዌሮች ከፍታ ካልተነገራቸው አብዛኛውን ጊዜ 1.01ን ይወስዳሉ። በመጀመሪያው ሰነድ ላይ የቦታው ከፍታ የሚሞላበት ሣጥን ባዶ ነበር።

ቀላል መመዘኛ አለ። ከቫልቩ በፊት ካለው ፍፁም ግፊት የትነት ግፊቱን (በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.023 ባር) ቀንሶ ለግፊት ልዩነቱ ማካፈል ነው። ውጤቱ ሲግማ ይባላል። ሲግማ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል፤ ከ1.5 በላይ ሲሆን በጥንካሬ የተሠራ ግሎብ ቫልቭ (መዝጊያው መቀመጫው ላይ ወርዶ የሚገጥም) ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል፣ ወደ 1.2 ሲጠጋ ግን ተራ ቫልቭ አይቆምም። በዚህ መስመር ላይ በሦስቱ ፍሰቶች 1.19፣ 1.16 እና 1.14 ወጣ።

ሌላም ማረጋገጫ ተሠራ። ለግሎብ ቫልቭ የግፊት ማገገሚያ ኮፊሸንቱ (ክፍተቱን ካለፈ በኋላ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚያገግም የሚያሳየው ቁጥር) 0.9 ቢወሰድ ካሬው 0.81 ነው፤ ከዚህ ጋር በዘወትሩ ፍሰት ያለው 8.2 ባር ፍፁም ግፊት ሲባዛ 6.64 ባር ይመጣል። የግፊት ልዩነቱ ከዚህ ካለፈ ፍሰቱ ይታፈናል፤ የቀረው ግፊት ሁሉ አረፋና ጉዳት ብቻ ይሆናል። እዚህ ልዩነቱ 7.1 ነው። በሦስቱም ነጥቦች ከወሰኑ ታልፏል። የበተርፍላይ ቫልቭ ኮፊሸንት በአብዛኛው ከግሎብ ያነሰ በመሆኑ ሁኔታው የባሰ ነበር።

ያልሠሩት መፍትሔዎች

በመጀመሪያ መቆጣጠሪያው እንዲዘገይ ተደረገ፤ ምላሹ ተቀነሰ፣ የሚታገሠው የስህተት ልክ ሰፋ። ሞተሩ መጋሉን አቆመ። ፍሰቱ ግን 70 ወይም 110 ላይ ለሰዓታት ይቆም ጀመር፤ ማጠራቀሚያውም አንድ ቀን ሞልቶ ፈሰሰ። ድምፁ እንደነበረ ነው።

ቀጥሎ ከቫልቩ በፊት ያለው ጌት ቫልቭ (በሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ የመዝጊያ ቫልቭ) በግማሽ ተዘግቶ «ግፊቱን እንዲያግዝ» ተደረገ። በአገራችን መስመሮች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ግን መወገድ አለበት። ጌት ቫልቭ ለግማሽ ክፍተት አልተሠራም፤ በሩ ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጫው ይበላል። በሦስት ወር ውስጥ ጌት ቫልቩም መዝጋት አቃተው፤ ከዚያ በኋላ ለጥገና መስመሩን ለመዝጋት ተራራው ድረስ መውጣት ግድ ሆነ።

ሦስተኛው ሙከራ ኦሪፊስ ፕሌት ነው፦ በፍላንጅ (ቧንቧዎች በብሎን የሚገጣጠሙበት ክብ ከንፈር) መካከል የሚገባ መሐሉ የተበሳ የብረት ሳህን። በሰከንድ 35 ሊትር 30 ሜትር እንዲበላ ተሰልቶ ተበሳ። ቀን ቀን ድምፁ ቀነሰ፣ ሰዉም ተደሰተ። ሌሊት ግን ጠጠሩ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኦሪፊስ የሚበላው ግፊት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። በ10 ሊትር ላይ የበላው 2.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ከ82 ሜትር ውስጥ ማለት ነው። ፍሰቱ ለማይለዋወጥ መስመር ኦሪፊስ ጥሩና ርካሽ ዘዴ ነው። ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ለሚለዋወጥ መስመር ግን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም።

አራተኛው ሐሳብ በወረቀት ላይ ቀረ። ኬቪው ብቻ ከታየ 63 ኬቪ ያለው ባለ 65 ሚሊ ሜትር ግሎብ ቫልቭ ልክ ይመስላል፤ በከፍተኛው ፍሰት 81% ገደማ ይከፈታል። አቅራቢው ያቀረበውም ይህንኑ ነበር። መዋዠቁን በእርግጥ ያቆመው ነበር። ነገር ግን በ65 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 10.5 ሜትር ይሆናል፣ ሲግማውም ያው 1.14 ነው። የትንሿ ቫልቭ ዕድሜ ከትልቁ ባጠረ ነበር። ኬቪ ልክ ሆኖ ቫልቩ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ለካቪቴሽን የተሠራ ብዙ ቀዳዳ ያለው ኬጅ (በመዝጊያው ዙሪያ ያለ ሲሊንደር) የተገጠመለት አንድ ቫልቭ በቂ አማራጭ ነበር። ሆኖም ከውጭ በልዩ ትእዛዝ የሚመጣ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋውና የማምረቻው ጊዜ ሲደመር ከተማው መጠበቅ አልቻለም። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹም ከአሮጌ ብረት ቧንቧ በሚነሳ የዝገት ቅርፊት ይደፈናሉ።

የተመረጠው መፍትሔ፦ ሸክሙን ለሁለት

አንድ ቫልቭ ሊሸከመው ያልቻለውን ግፊት ሁለት ተከታታይ ቫልቮች እንዲካፈሉት ተወሰነ። የመጀመሪያው በራሱ በውሃው ግፊት የሚሠራ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነው፤ ፍሰቱ ምንም ይሁን ምን ከበስተኋላው ያለውን ግፊት አንድ ልክ ላይ ይይዛል። ሁለተኛው በሞተር የሚሠራው የፍሰት መቆጣጠሪያ ነው።

በመካከል ያለው ግፊት ስንት ይሁን? የመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ በግማሽ ነበር፤ መቀነሻው 4.5 ባር ላይ ተደረገ። ሁለቱ ቫልቮች በሌሊቱ ፍሰት እያንዳንዳቸው 4 ባር ያህል ይበሉ ነበር። እኩል ይመስላል። የመጀመሪያው ጸጥ አለ፣ ሁለተኛው ግን ጮኸ። የፊተኛው ከ9.25 ባር ፍፁም ግፊት ላይ ተነስቶ ስለሚቀንስ ሲግማው 2.3 ነው፤ ሁለተኛው ከ5.25 ወደ 1.14 ስለሚያወርድ ሲግማው 1.27 ብቻ ነው። ካቪቴሽን የሚያየው የባሩን ብዛት ሳይሆን ጥምርታውን ነው።

ስለዚህ መሐከለኛው ግፊት የሚገኘው በማባዛት ነው፦ የመጀመሪያው ፍፁም ግፊት 9.25 ከመጨረሻው 1.14 ጋር ተባዝቶ ካሬ ሥሩ ሲወጣ 3.25 ባር ይሆናል። የከባቢ አየሩ 0.75 ሲቀነስ ጌጁ ላይ 2.5 ባር ነው። መቀነሻው ወደ 2.5 ሲወርድ በሌሊቱ ፍሰት የሁለቱም ሲግማ 1.54 እና 1.53 ሆነ። በከፍተኛው ፍሰት የፊተኛው 1.83 ይደርሳል። ይህ ማስተካከያ የፈጀው አንድ መፍቻና አሥር ደቂቃ ነው።

አሁን የሁለተኛው ቫልቭ መጠን ተሰላ። በፊቱ ያለው ግፊት ስለማይለወጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ 2.11 ባር ነው፤ የሚፈለገው ኬቪ 87፣ 62 እና 25 ይሆናል። 100 ኬቪ ያለው የውስጥ ዕቃ ተመረጠ። ብዙውን ጊዜ 100 ኬቪ የሚመጣው በባለ 80 ሚሊ ሜትር አካል ነው፤ በዚያ ስፋት ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ሜትር ስለሚሆን አካሉ 100 ሚሊ ሜትር፣ መቀመጫው ደግሞ ጠበብ ያለ ተደረገ፤ ፍጥነቱ ወደ 4.5 ወረደ። አካሉ በፍጥነት፣ መቀመጫው በኬቪ ይመረጣል፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከ200 ወደ 100 የሚያጠብቡት ሪዲዩሰሮች ከአቅሙ 2.5% ስለሚቀንሱ በከፍተኛው ፍሰት ክፍተቱ 89% ገደማ ይሆናል፣ በሌሊቱ 25%። የፍሰት ባሕርዩ መስመራዊ (አቅሙ ከክፍተቱ ጋር በእኩል የሚያድግ) ሆኖ ተመረጠ። በተለምዶ የሚመከረው እኩል መቶኛ የሚባለው ባሕርይ የሚጠቅመው የግፊት ልዩነቱ በፍሰቱ መጨመር ሲቀንስ ነው፤ እዚህ የፊተኛው ቫልቭ ልዩነቱን ስላጸናው ምክንያት አልነበረውም።

የመቀነሻው ቫልቭም 100 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያስፈልገው ኬቪ ከ15 እስከ 64 ስለሆነ በዝቅተኛ ክፍተት እንዳይርገበገብ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ መዝጊያ ተገጠመለት።

ተከላው

ለመቀነሻው አዲስ ቻምበር ከአሮጌው 6 ሜትር ርቆ በውሃው መምጫ በኩል ተሠራ፤ ሁለቱ ቫልቮች ቢቀራረቡ የፊተኛው የሚያናውጠው ውሃ ሳይረጋ ኋለኛው ላይ ይደርሳል። የመግቢያ ሪዲዩሰሮቹ አናታቸው ቀጥ ያለ ዓይነት ሆኑ፤ መሐል ለመሐል የሚጠብቡት አናታቸው ላይ አየር ይይዛሉ። ከመቀነሻው በፊት ስትሬነር (ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት)፣ በሁለቱ መካከል ኤር ቫልቭ (አየር የሚያስወጣ) እና ጌጅ፣ እንዲሁም 4 ባር ላይ የሚከፈት የደኅንነት ቫልቭ ገባ። የተጎዳው ጌት ቫልቭም ተቀየረ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በጥብቅ መያዝ አለበት። መካከሉ 2.5 ባር ነው ተብሎ ቀለል ያለ ቧንቧ አይገባም። የመቀነሻው መቀመጫ አንድ ቀን ቢያሳልፍና ኋለኛው ቫልቭ ተዘግቶ ቢገኝ መካከሉ ቀስ በቀስ ወደ 8.7 ባር ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ባለ 16 ባር ነው፤ የሁለተኛው ቫልቭ ሞተርም 8.7 ባር ተቃውሞ መዝጋት እንዲችል ታዝዟል።

የሞተሩ የመዝጊያ ጊዜ 90 ሰከንድ ሆነ። መጠኑ ልክ ስለሆነ አሁን ውሃው የሚቆመው በእውነትም ረጅም ጊዜ ወስዶ ነው፤ በዘወትሩ ፍሰት 55 ሰከንድ ያህል። ተጨማሪው የግፊት ማዕበል ከ60 ሜትር በላይ የነበረው ከ11 ሜትር በታች ወረደ።

ውጤቱና የቀሩት ችግሮች

90 ሲታዘዝ ፍሰቱ ከ86 እስከ 94 መካከል ይቆያል። ሞተሩ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በአንድ ዓመት ጊዜ ሁለተኛው ቫልቭ ተፈትቶ ሲታይ መቀመጫው ላይ ቀላል መደብዘዝ እንጂ ጉድጓድ አልነበረም። ሸለቆው ላይ ሌላ ፍሳሽ አልታየም።

ያልተፈታ ነገርም አለ። በሰዓት ከ25 ሜትር ኪዩብ በታች መቀነሻው መርገብገብ ይጀምራል፣ ሁለተኛውም ተከትሎት ይዋዥቃል። የፓይለቱ (መቀነሻውን የሚያዝዘው ትንሽ ረዳት ቫልቭ) መርፌ ቫልቭ ጠብቦ ምላሹ ቢዘገይም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ከ36 በታች እንዳይሄድ ተደረገ፤ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ቫልቩ ይዘጋል፣ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ይከፈታል። ሁለተኛው ችግር የፓይለቱ ቀጭን ቱቦ ነው። ክረምት ላይ መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ የተነሳ ዝገት ደፍኖት መቀነሻው ሙሉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ ያዳነው የደኅንነት ቫልቩ ነው። አሁን የፓይለቱ ማጣሪያ በየወሩ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ የመስመር መቋረጥ በኋላ ይታጠባል።

ለሌላ መስመር የሚወሰድ

መጠን ሲመረጥ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ይሰላ፦ ከፍተኛ፣ ዘወትር፣ ዝቅተኛ። ለእያንዳንዱ የግፊት ልዩነቱ ለየብቻ ይውጣ። ከፍተኛው ፍሰት ከ90% ክፍተት በታች፣ ዝቅተኛው ከ20% በላይ ካልወደቀ ሌላ ቫልቭ ይታይ፤ ይህ ካልተቻለ አንድ ቫልቭ አይበቃም ማለት ነው።

መጠባበቂያ ላይ መጠባበቂያ አይደራረብ። እዚህ አማካሪው ለወደፊት ዕድገት ጨመረ፣ ተቋራጩ ለጥንቃቄ ወደሚቀጥለው መጠን አሳደገ፣ አቅራቢው በመጋዘን ያለውን ሰጠ። ሦስቱም መልካም አስበው ነበር። የነገ ዕድገት በሚቀየር የውስጥ ዕቃ ይጠበቅ። ለዚህ መስመር በሰከንድ 50 ሊትር ሲደረስ ሁለተኛው ቫልቭ 124 ኬቪ ስለሚፈልግ ወደ 160 ይቀየራል፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 6.4 ሜትር ስለሚሆን ያን ጊዜ አካሉም 125 ሚሊ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ለዚህ ሲባል ከቫልቩ ቀጥሎ የሚፈታ አጭር የፍላንጅ ቧንቧ ገብቷል።

ጽሕፈት ቤቱ ለቀጣዩ መስመር ባወጣው የግዥ ሰነድ ላይ «ባለ 200 የመቆጣጠሪያ ቫልቭ» የሚለው መስመር ተሰርዟል። በምትኩ አቅራቢው እንዲሞላው የቀረበው ሠንጠረዥ የሚጠይቀው የቦታውን ከፍታ፣ ሦስቱን ፍሰቶች፣ በየፍሰቱ ከቫልቩ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት፣ ኬቪውን፣ የክፍተቱን መቶኛ፣ ሲግማውንና በአካሉ ውስጥ ያለውን የውሃ ፍጥነት ነው። የቫልቩን ስፋት የሚሞላው አቅራቢው ሲሆን፣ ሣጥኑም የመጨረሻው ነው።